ለንጉሥ የተጎዘጎዘው ጦስኝ

አንድ የካቲት፣ በኪዳነ ምሕረት ማግሥት፣ ንጉሡ ድልድይ ሊያሠሩ፣ «ላይ ጦስኝ» ከምትባል መንደር ደረሱ። በዚያን ቀን በላይ ጦስኝ ዳገት ላይ በሥሩ የቆመ አንድም የጦስኝ ተክል አልተገኘም።

ከሳምንት በፊት ዳገቱ በሙሉ ጦስኝ ነበር። መንደሯም ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። ጦስኝ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ቅጠሉ ከምስር ፍሬ ብዙ የማይበልጥ የደጋ ተክል ነው። ተፈልቶ ሲጠጣ ሳል ይጠርጋል፤ ወጥ ላይ ጣል ሲደረግ ጎረቤት ይጠራል። የላይ ጦስኝ ሰው ዓይኑን ለጨፈነ ሰው እንኳን ገበያ መሃል ይታወቃል ይባል ነበር፤ ጋቢው ይናገርበታል።

ወንዙን ተከትሎ የአንድ ቀን መንገድ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ታች ጦስኝ የምትባል ሌላ መንደር አለች። በዚያ ጦስኝ አይበቅልም። የድሮ ሰዎች ከላይ ወርደው ሲሰፍሩ ስሙን ይዘው ወረዱ፤ ተክሉ ግን ሙቀቱን አልወደደውምና አልተከተላቸውም። በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለው ቀልድ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። የላዮቹ የታቾቹን «ስም ተውሰው የሚኖሩ» ይሏቸዋል። የታቾቹም «ሽታ ጎርሰው የሚያድሩ» ብለው ይመልሳሉ።

የላይ ጦስኝ ጭቃ ሹም እንግዳሸት የሚባል፣ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም ሰው ነበር። ድምፁ እንዲህ የሠለጠነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት ልጁን ማንጠግቦሽን የዳረው ቀይ ውሃ ከሚባለው ወንዝ ማዶ ነው። የልጁ ቤት ከእሱ ደጃፍ ይታያል፤ ጭሱ ይታያል፤ በሬዎቹ እንኳን ይለያሉ። ድምፅ በአንድ እስትንፋስ የሚሻገረውን ገደል ግን እግር በበጋ ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። በክረምት ደግሞ ጭራሽ አይሻገርም። ሰኔ ሲገባ ቀይ ውሃ ዛፍ እየነቀለ ይወርዳል፤ እስከ መስቀል ድረስ ማዶና ማዶ ያለ ዘመድ የሚገናኘው በጩኸት ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ማንጠግቦሽ የመጀመሪያ ልጇን አማጠች። ምጡ ጠናባት። እናቷ ጥሩወርቅ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ፣ ማዶ ላሉት ሴቶች «በጎኗ አስተኟት! ወገቧን እሹላት!» እያለች ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸች። ልጅ በማዋለድ በአካባቢው የሚስተካከላት አልነበረም፤ እጇ ግን ገደሉን አልተሻገረም። ማንጠግቦሽ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። እንግዳሸት ያን ዕለት ወንዙን በድንጋይ ሲወግር ያዩት ሰዎች አሉ።

ዘንድሮ ማንጠግቦሽ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። ቀኗ የሚደርሰው በክረምት መካከል ነው።

እንግዲህ በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ነጋሪት ተጎስሞ «ንጉሡ በቀይ ውሃ ላይ፣ በጦስኝ፣ የድንጋይ ድልድይ ያሠራሉ» የሚል አዋጅ ሲነገር፣ በላይ ጦስኝ እልልታው ገደሉን ሞልቶ ማዶ ተሻገረ። እንግዳሸት ከአፋፉ ላይ ቆሞ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

«ማንጠግቦሽ ሆይ! ድልድይ! ድልድይ ሊሠራልን ነው!»

«ምን አልክ አባዬ?»

«ድል - ድይ! ዘንድሮ እናትሽ በእግሯ ትመጣልሻለች!»

ማዶ ያለችው ልጅ መቀነቷን ፈትታ አውለበለበች። ጥሩወርቅ ከባሏ አጠገብ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ደስታው እስከ ቅዳሜ ገበያ ቆየ። በገበያው መሃል የታች ጦስኝ ጭቃ ሹም አበጋዝ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ ጭራውን እያወዛወዘ መጣ።

«እንግዳሸት ወንድሜ፣ ሰማህ አይደል? ድልድያችን ሊሠራ ነው።»

«ድልድያችን ስትል የእኛን ማለትህ ነው?»

«አዋጁ ጦስኝ ነው ያለው። ላይ አላለም፤ ታች አላለም። ንጉሡ ደግሞ የሚመጡት በቆላው መንገድ ነው። መጀመሪያ የሚያገኙት ማንን ይመስልሃል?»

«አንድ እግር ጦስኝ የሌለበት ጦስኝ! አታፍርም?»

«የአንተ ጎረቤት አንበሳው አይደል የሚባለው? እስቲ ጥፍሩን አሳየኝ!»

ገበያተኛው ሳቀ። አንበሳው ራሱ፣ አንድ ቀጭን ሸማኔ፣ እጁን ዘርግቶ ጥፍሩን እያየ አብሮ ሳቀ። እንግዳሸት ግን አልሳቀም። አበጋዝ የሚቀልድ መሆኑን ያውቃል። ነገር ግን ቀልዱ እንደ እሾህ ገባበት፤ መንገዱን ሙሉ «ቢሆንስ? ንጉሡ ታች ላይ ቢቀሩስ?» እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት ቤቱ ደረሰ።

በማግሥቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ መንደሩን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሰበሰበ።

«የታቾቹ ድልድያችንን ሊወስዱ ነው» አለ። «ስማችንን ወሰዱ፣ ዝም አልን። አሁን ድልድዩን! እውነተኛው ጦስኝ እኛ መሆናችንን ንጉሡ እንዲያውቁ ምን እናድርግ?»

አንድ ሽማግሌ «ዳገቱን እናሳያቸው። ከዳገቱ ሌላ ምን ምስክር ይፈለጋል?» አሉ።

«አባቴ፣ ንጉሥ ዳገት ይወጣሉ እንዴ?» አለ እንግዳሸት። ከዚያ ራሱ የተናገረው ነገር ራሱን አስደነገጠው፤ ዓይኑ በራ። «ዳገቱ ነው ወደ ንጉሡ መውረድ ያለበት! ለእንግዳ ቄጤማ ማንም ይጎዘጉዛል። የታቾቹም ይጎዘጉዛሉ። እኛ ግን ከወንዙ እስከዚህ አደባባይ ድረስ ጦስኝ እንጎዘጉዛለን! ንጉሡ በበቅሏቸው ሲረግጡት ሽታው ይነሣል። ከበቅሎ ሳይወርዱ የት እንዳሉ ያውቃሉ። አበጋዝ ያን ጊዜ ሽታ ከየት ይዋሳል?»

ሕዝቡ ሆ! አለ። ወንዶቹ ዱላ ነቀነቁ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እንዲህ ያለ ብልሃት ከእንግዳሸት ራስ በመውጣቱ የማይወዱት ሰዎች እንኳን ተደነቁ።

ጥሩወርቅ ብቻ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ጠየቀች።

«ያን ሁሉ መንገድ የሚሸፍን ጦስኝ እንዴት ተደርጎ ይቆረጣል?»

ጥያቄዋ የዋዛ አልነበረም። በላይ ጦስኝ ሴቶች ዘንድ የቆየ ደንብ አለ። ጦስኝ በማጭድ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ ሥሩ አይነካም። «ጫፉ ለድስት፣ ሥሩ ለዳገት» ይላሉ። ልጃገረድ ከነሥሩ ስትነቅል ከተያዘች እናቷ ውሃ ቀድታ የነቀለችበትን ቦታ እንድታጠጣ ታደርጋት ነበር።

«ጫፍ ጫፉማ ከበቅሎ ኮቴ ሥር ይጠፋል» አለ እንግዳሸት። «ለአንድ ጊዜ ነው። ለንጉሥ ነው። ለልጅሽ ነው ደግሞ!»

የመጨረሻው ቃል አሸነፋት። «እንግዲያው የኋላውን ዳገት ተዉት። ለዘር ይቅር» አለች።

«የኋላው ይቀራል» አለ እንግዳሸት። ሁሉም «ይቀራል፣ ይቀራል» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ሠርግ ነበር። መንደሩ በሁለት ተከፍሎ የምሥራቁ ሰፈርና የምዕራቡ ሰፈር ተፎካከሩ። ጦስኙ በዶማ እየተፈነቀለ፣ በእጅ እየተጎተተ፣ ከነአፈሩ በቁና፣ በስልቻ፣ በነጠላ እየተቋጠረ ወረደ። ካህኑ ሳይቀሩ ካባቸውን አውልቀው ተሸከሙ። ሰው ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ይሸት ነበር። አንዷ አውጪ ሆና ሌሎቹ እየተቀበሉ እንዲህ ይዘፍኑ ነበር፦

ይምጡና ይርገጡት ንጉሡ ሽታውን፣
ታቾቹም ይመልሱ የተዋሱትን ስሙን።

የኋላውን ዳገት በተመለከተ የሆነው ይህ ነው። የምሥራቁ ሰፈር ሰዎች የጉዝጓዛቸው ክምር ከምዕራቡ አነሰባቸው። «ከኋላው ጥቂት ብንወስድ የምዕራቦቹ ይተዉታል» ብለው በጎን ዞሩ። የምዕራቡ ሰፈር ሰዎችም በሌላው ጎን ዞረው ነበር፤ እነሱም «የምሥራቆቹ ይተዉታል» ብለዋል። እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ብቻ ወሰደ። እንግዳሸት ይህን አላየም። ታች፣ አደባባዩ ላይ፣ ጉዝጓዙ በእኩል መነጠፉን ይቆጣጠር ነበር፤ ጀርባውም ለዳገቱ ነበር።

ንጉሡ የደረሱት ረፋድ ላይ ነው፤ ታች ጦስኝን ሳይቆሙ አልፈው ነበር የመጡት። ፊት ፊት ነጋሪት፣ ቀጥሎ ጋሻ ጃግሬ፣ ቀጥሎ ንጉሡ በግራጫ በቅሎ። ከኋላቸው ደግሞ አንዲት ጠንካራ ጭነት በቅሎ ትመጣለች፤ ጀርባዋ ላይ በአቡጀዴ የተጠቀለለ፣ እየከበዳት የምታቃስትበት ነገር አለ። ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ይደግፉታል። ከአጠገቡ የግንበኞቹ አለቃ፣ ጢሙ በኖራ የነጣ ሰው፣ በእግሩ ይሄዳል። ሕዝቡ ያን ጥቅል ሲያይ «የሽልማት ካባ ነው» አለ። «ካባ እንዲህ ይከብዳል? ጠገራ ብር ነው» ያሉም ነበሩ።

የንጉሡ በቅሎ የመጀመሪያውን ጉዝጓዝ ረገጠች። ሽታው ተነሣ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ረገጠች፤ አየሩ በሙሉ ጦስኝ ሆነ። ንጉሡ ልጓም ያዙ። ዓይናቸውን ከድነው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጦስኝ ነው ጃንሆይ!» አለ እንግዳሸት፣ እስከ መሬት እጅ ነሥቶ። ድምፁ ማዶ ድረስ ተሰማ። «እውነተኛው፣ የመጀመሪያው ጦስኝ! ሌላ ጦስኝ የለም!»

እልልታው ቀለጠ። ሰው ተቃቀፈ። እንግዳሸት ቀና ብሎ ማዶ ተመለከተ፤ ማንጠግቦሽ ከደጃፏ ቆማ መቀነቷን ስታውለበልብ አየ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ደስታ ደርሶበት አያውቅም።

ንጉሡ ፈገግ ብለው ነበር። «መልካም ነው» አሉ። «ይህን ሁሉ ከየት ቆረጣችሁት?»

እንግዳሸት በኩራት ዞሮ ጣቱን ወደ ዳገቱ ቀሰረ። በዚያች ቅጽበት ነው ዳገቱን ከታች ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው። አረንጓዴ አልነበረም። ከላይ እስከ ታች እንደ ተላጨ ራስ ቀይ ነበር፤ ቦታ ቦታውን የዶማ ጉድጓድ ይታይበታል። ጣቱ እንደተቀሰረ ቀረ።

የግንበኞቹ አለቃ ከሕዝቡ ሁሉ ቀድሞ አይቶት ነበር። ወደ ዳገቱ ሄደ። ጥቂት ወጣ፣ ቆመ፣ አፈሩን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው። አፈሩ ተንሸራተተ፤ ትናንሽ ድንጋዮች አስከትሎ እየተንኳኳ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። አለቃው እንደገና ሌላ ቦታ ነካው። ያም ወረደ።

«በስተኋላ አለ!» አለ እንግዳሸት፣ እየሮጠ ደርሶበት። «የኋላውን አልነካነውም፤ ለዘር ትተነዋል። ና ላሳይህ!»

ዞረው አዩት። የኋላው ከፊተኛው ይብሳል።

«የምሥራቆቹ ናቸው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እናንተ ናችሁ! እኛ ጥቂት ነው የወሰድነው!»

«እኛም ጥቂት ነው!»

እንግዳሸት መሬት ላይ ተንበርክኮ በእጁ ፈለገ። አንድ ሥር እንኳን ቢያገኝ ብሎ አፈሩን ጫረ። ከጣቱ ሥር የሚያልፈው ደረቅ አፈር ብቻ ነበር።

ወደ አደባባዩ ሲመለሱ እልልታው ቆሟል። ንጉሡ ከበቅሏቸው ወርደው ጉዝጓዙ ላይ ቆመው ነበር። አለቃው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ሳይል፣ ሁሉ እንዲሰማ ተናገረ።

«ጃንሆይ፣ ከዚህ ዳገት ሥር አልገነባም። አፈሩን ይዞት የነበረው ይህ ሣር ነው» አለና ወደ እግሩ ሥር አመለከተ። «ክረምት ሲገባ ዳገቱ የሚያድረው ድልድዩ ላይ ነው።»

ንጉሡ ወደ እንግዳሸት ዞሩ። «ማን አዘዛችሁ?»

«ማንም አላዘዘንም ጃንሆይ። ከታች ጦስኝ ጋር እንዳያምታቱን ብለን ነው።»

ንጉሡና አለቃው ተያዩ። ከዚያ ንጉሡ በአቡጀዴ ወደ ተጠቀለለው ጭነት ተመለከቱ፤ አንድ ነገር ሊሉ አስበው ነበር፤ ተዉት። «ጭነቱ እንዳለ ይሁን» ብቻ አሉ። በቅሎዎቹ ዞሩ። በመጡበት ጉዝጓዝ ላይ ተመልሰው ሲሄዱ ሽታው እንደ ፊተኛው ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ግን በረጅሙ የተነፈሰ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ተመልሰው ታች ጦስኝ ደረሱ። አበጋዝ እንደ ማንኛውም ባላገር ቄጤማ ጎዝጉዞ፣ ጠላ አቅርቦ ተቀበላቸው።

«እናንተስ ጦስኝ አላችሁ?» ብለው ጠየቁት።

«የለንም ጃንሆይ» አለ አበጋዝ፣ ራሱን እያከከ። «ያለን ስሙ ነው። ያውም ከላዮቹ የተዋስነው።»

«ዳገታችሁስ?»

«ዳገታችን ቆንጥር ነው። ለምንም አይጠቅም ብለን ትተነዋል።»

የግንበኞቹ አለቃ ዳገቱን ዞሮ አየ። ቆንጥሩ ሥሩን ሰድዶ አፈሩን አንቆ ይዞታል። አለቱ እንደ ላይ ጦስኙ ባይሆንም ይበቃል አለ። ድልድዩ በታች ጦስኝ ተጀመረ፤ ሰኔ ሳይገባ አለቀ።

ሐምሌ ላይ፣ ከሦስት ቀን ተከታታይ ዝናብ በኋላ፣ የላይ ጦስኝ ዳገት ተንሸራተተ። ሰው አልጎዳም። የወረደው አፈር ግን ወንዙ በሁለት አለቶች መካከል ጠቦ የሚያልፍበትን ቦታ፣ ማለትም ድልድዩ ሊቆምበት የነበረውን ቦታ፣ እስከ አናቱ ሞላው። የግንበኞቹ አለቃ እውነቱን ነበር።

በዚያው ሳምንት ማዶ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ጥሩወርቅ ሆይ! ማንጠግቦሽን ምጥ ይዟታል!»

ጥሩወርቅና እንግዳሸት ያን ጊዜውኑ ተነሡ። በታች በኩል አንድ ቀን ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ በማዶ በኩል አንድ ቀን ወጡ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። ጥሩወርቅ ዳገቱ መሃል ቆማ ትንፋሽ ስትሰበስብ፣ «በድምፅ አሁን ደርሰን ነበር» አለች።

ሲደርሱ ሕፃኗ ተወልዳ ነበር። እግሯ ቀድሞ መጥቶ፣ ሴቶቹ ጥሩወርቅ ባለፈው ዓመት ከአፋፍ ሆና የጮኸችውን አስታውሰው፣ እንደምንም አውጥተዋታል። እናቲቱም ሕፃኗም በሕይወት አሉ። እንግዳሸት የልጅ ልጁን ሲያቅፋት ያለቀሰው ለደስታ ብቻ እንዳልነበረ የቤቱ ሰው ሁሉ ገብቶታል።

ማንጠግቦሽ ስትዳር ከአባቷ ዳገት አንድ ጓል ጦስኝ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ ከጓሮዋ ተክላ ነበር። ተባዝቶ የጓሮውን ጥግ ሸፍኗል። የጥሩወርቅ የመልስ መንገድ ስንቅ ከዚያ የተወሰደ ነው፤ ሥሩ ከነአፈሩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ። እንደ ልማዱ ከነሥሩ የነቀለችበትን ቦታ ውሃ አጠጥታ ነው የወጣችው።

ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ድልድዩ ላይ የግንበኞቹ አለቃ ዝናቡ ያጠበውን ኖራ እንደገና ይለስናል። እንግዳሸት ሲመጣ በጥድፊያ ያላየውን አሁን አየ። ከድልድዩ እግር፣ ከሁሉም በታች ባለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ጽሕፈት ተቀርጿል። ዳዊት የደገመ ሰው ነበርና ጎንበስ ብሎ አነበበው። «ላይ ጦስኝ» ይላል።

ወደ አለቃው ዞረ።

«ይህን የቀረጸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«አዋጁ ሳይነገር። ወንዙን ከምንጩ እስከ ቆላው ዞሬዋለሁ፤ ከእናንተ አለት የተሻለ አላገኘሁም። ጃንሆይም ስነግራቸው ‘እንግዲያው የመሠረቱን ድንጋይ ቀርጸህ ተከተለኝ’ አሉኝ። በዚያች በቅሎ ላይ የነበረው ይኸው ድንጋይ ነው። የመጣነው ልንተክል እንጂ ልንመርጥ አልነበረም።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገራችሁንም?»

«ልንነግራችሁ ነበር የመጣነው» አለ አለቃው። «ዘፈናችሁ እስኪያበቃ ጠበቅን።»

እንግዳሸት እጁን ድንጋዩ ላይ አደረገ። «ለምን አልፋቃችሁትም ታዲያ?»

«ደህና ድንጋይ ነው። አይጣልም።»

ጥሩወርቅ ከኋላው ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በክንዷ ያለውን እርጥብ ጨርቅ አጠበቀችው።

«ና እንሂድ» አለችው። «ሥሩ ይደርቅብኛል።»

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ይህን ነው። የእኛ የሆነውን ነገር ሰው እንዲመሰክርልን ስንሮጥ፣ ብዙ ጊዜ የምንነቅለው ራሱን ምስክሩን ነው። የላይ ጦስኝ ሰዎችን አበጋዝ አልቀማቸውም፤ ንጉሡም አልከለከሏቸውም። ድንጋዩ ስማቸው ተቀርጾበት በበቅሎ ጀርባ ላይ እየመጣላቸው ነበር። እነሱ ማንም ላልጠየቃቸው ጥያቄ መልስ ሲነቅሉ ሰነበቱ። ጥቂት ብቻ ወሰድኩ የሚል ሰው ሁሉ ደግሞ ሌላውም ጥቂት ብቻ እንደሚወስድ ያስታውስ፤ ዳገት የሚራቆተው እንዲህ ነው።

እርስዎስ፣ ዛሬ ማንም ላልተጠራጠረው ስምዎ ብለው ከዳገትዎ የሚነቅሉት ምንድን ነው? ወደ እርስዎ በመምጣት ላይ ባለችው በቅሎ ጀርባ ላይ ምን ተጭኖ እንደሆነስ ያውቃሉ?